ሦስተኛው ወንበር

ሎዌል ቲቤትስ ያንን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳወራው ራሱም አያውቅም። ከመደጋገሙ ብዛት ታሪኩ ዘይት እንደጠጣ ቆዳ ለስልሶ፣ ሳያስበው ከአፉ ይወጣለት ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ግን ኢሜልዳ መቅረጸ ድምፅዋን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "እሺ፣ አሁን ስለ ሦስተኛው ወንበር ይንገሩኝ" ስትለው ከየት እንደሚጀምር ጠፋው።

ሱቁ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፎልሰም ጎዳና ላይ ነው። ቀበቶ፣ ሰደርያ፣ የእጅና የአንገት ማሰሪያ ይሰፋበታል። ደንበኞቹ ከአርባ ዓመት ወዲህ እነዚያው የሰፈሩ ቆዳ ለባሾች ናቸው፤ ወደውና ተስማምተው የሚተሳሰሩ፣ ወደውና ተስማምተው አንዱ አዛዥ አንዱ ታዛዥ የሚሆኑ ሰዎች። እነሱ ነገሩን "ጨዋታ" ነው የሚሉት። የውጭ ሰው በዚህ ሥራቸው በሐፍረት የሚሞቱ ይመስለዋል። አይሞቱም። ሎዌልም በዚህ አፍሮ አያውቅም፤ እሱን ለሠላሳ አምስት ዓመት አንገቱን ያስደፋው ሌላ ነገር ነው።

ኢሜልዳ ሳላንጋ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በቆዳ ለባሾቹ ቤተ መዛግብት በነጻ ታገለግላለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የማኅበሩን ቃላት መዝገበ ቃላት ስታዘጋጅ ቆይታለች። እያንዳንዱ ቃል ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን እንዳወጣው፣ ከየት እንደመጣ።

"ሰው ቃሉን ይዞ ይሮጣል እንጂ ወላጁ ማነው አይልም" አለችው። "ቢዲኤስኤም ይላሉ፤ ስለ ማሰር፣ ስለ ማዘዝ፣ ስለ ማሳመም ሦስት ጥንድ የእንግሊዝኛ ቃላት በነዚያ ፊደላት ውስጥ ተጨናንቀው እንዳሉ አያውቁም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ደግሞ ሐኪሞች ከደራሲዎች ስም ቆርጠው የለጠፉብን የበሽታ ስም ናቸው። ስድባችንን መታወቂያ አደረግነው እኮ።"

"እኛ ድሮ ስምም አልነበረንም" አለ ሎዌል። "ቆዳ እንለብሳለን፤ አበቃ።"

"እሱንም ጽፌዋለሁ። አሁን አያምልጡኝ፤ ወንበሩ።"

ሦስተኛው ወንበር፣ ቆዳ ለባሾቹ የሚሰበሰቡበት የኮርቻ ክለብ ሕግ ነው። ሁለት ሰዎች በገመድ ሲጫወቱ ሦስተኛ ሰው ከጎን ይቀመጣል። አይጠጣም፣ አያወራም፣ ስልኩን አይነካም። መቀስ ይዞ የታሰረውን ሰው ብቻ ያያል። ሌሎች ክለቦችም ይህን ከኮርቻ ቀድተው "ዛሬ ሦስተኛ ወንበር ማነው?" ማለት ጀምረዋል። ወንበሩ ራሱም አለ፤ ክለቡ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ በናስ ምስማር የተከበበ ትልቅ ወንበር።

ሎዌል ጀመረ። ወታደር ሆኖ ጀርመን ሳለ፣ ሃምቡርግ ወደብ አጠገብ ይኸው ጨዋታ የሚካሄድበት አንድ ጥንታዊ ቤት እንደነበረ፣ የቤቱ ጌታ ሽማግሌ የፈረሰኛ መኮንን እንደነበሩ፣ ወጣቶችን በጥብቅ ሥርዓት እንደሚያሠለጥኑ፣ በሥርዓቱም ሦስተኛው ወንበር የክብር ቦታ እንደነበረ ተረከላት። እሷ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው።

ሎዌል ጀርመን ነበር፤ ይህ እውነት ነው። አሥራ አራት ወር ሙሉ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲቀይር ነበር። ሃምቡርግን የሚያውቃት ከፖስታ ካርድ ላይ ነው።

"የጌታው ስም ማን ይባል ነበር?" አለች ኢሜልዳ።

ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዓይኑ ዞር ዞር ብሎ የክር ካርቶን ላይ የታተመ የፋብሪካ ስም ላይ አረፈ።

"ሄር ብሩክማን" አለ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

"ብሩክማን" ብላ ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እውነቱን ልንገርዎትና፣ ሃምቡርግ ለሚገኙ የታሪክ ሰዎች ጽፌላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ሰምተን አናውቅም አሉኝ።"

ሎዌል ጆሮው ሲግል ተሰማው።

"ግን ገባኝ" አለች ቶሎ ብላ፣ እሱን እንዳታሳዝን። "ሚስጥር የነበረ ቤት መዝገብ ላይ አይገኝማ። ደግሞ ጦርነቱ ስንቱን አቃጥሏል።"

"ይሆናል" አለ ሎዌል።

ከዋሸው ሁሉ ይህች ቃል ከበደችው። ልጅቷ ራሷ ደክማ ድልድይ ሠራችለት፤ እሱ ደግሞ በላዩ ተሻገረ።

"እሑድ በስምንት ሰዓት፣ ክለቡ ለእርስዎ ካዘጋጀው የክብር በዓል እንዳይቀሩ" አለች ዕቃዋን እየሰበሰበች። "የወንበሩን ገጽ እኔ ነኝ የማነበው። የእርስዎ ስም ከላይ በትልቁ ነው የሚታተመው። መጽሐፉ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል።"

ከሄደች በኋላ ሎዌል ወስፌውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ሰኞ። በአፍ የተወራ ውሸት ከሰው ጋር ያረጃል፤ የታተመ ግን ልጅ ይወልዳል።

እውነቱ ይሄውና። በፈረንጆቹ 1979፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሎዌል በኮርቻ ክለብ ውስጥ ክሊፍተን ማብሪ የሚባል ጸጉር አስተካካይ አሰረ። ክሊፍተን በአጎቱ ጸጉር ቤት ይሠራ ነበር። ሦስት ወንበር ያለው ቤት ነው፤ መስኮቱ ሥር ያለው ሦስተኛው የክሊፍተን ነበር። ሰው ሁለቱ ባዶ ሆነው እያየ ለሦስተኛው ይሰለፍ ነበር፤ እጁ እንደዚያ የተባረከ ነበር። ሎዌል ደግሞ ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ገመድ አዋቂ የሚባል፣ ሲገባ ቦታ የሚለቀቅለት፣ ይህንንም የሚወድ።

ሁሉ ነገር በስምምነት ነበር። ማቆሚያ ቃላቸው "ሎሚ" ነበር፤ ክሊፍተን ሎሚ ካለ ሁሉም ነገር ወዲያው ይቆማል። ሎዌል ክንዶቹን ወደኋላ አድርጎ አጥብቆ አሰረውና ሲጋራ ሊገዛ ወጣ። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሎዌል ለራሱ ሁልጊዜ ሃያ ነው የሚለው።

ሲመለስ ክሊፍተንን የክለቡ ጽዳት ሠራተኛ ፈትቶት መሬት ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ተንጠልጥሎ፣ እንደ እርጥብ ጓንት። ገመዱ የክንዱን ነርቭ ተጭኖት ነበር። አምስት ሰዎች ከበው ቆመዋል። ይቅርታ የምትለው ቃል የሎዌል ምላስ ጫፍ ድረስ መጥታ ነበር፤ ግን አምስቱ ያዩታል፣ እሱም በአምስቱ ፊት አዋቂ ነው።

"ክንድህ ደካማ እንደሆነ አስቀድመህ ልትነግረኝ ይገባህ ነበር" አለው።

ክሊፍተን አልመለሰለትም። እጁም አልተመለሰለትም። ሐኪሞቹ በሦስት ወር ይድናል አሉ፤ ጥቂት ተሻለውና እዚያው ቆመ። መቀስ የማይጨብጥ ጸጉር አስተካካይ ምን ይሠራል? በአራተኛው ወር በአጎቱ መኪና ወንበሩን ጭኖ መጣ፤ ያንን ሦስተኛውን፣ ቀይ ሽፋኑን፣ የብረት እግር ማሳረፊያውን። አራት ሰው ተሸክሞ አስገባው። ከዚያ ክሊፍተን ሁሉም ባለበት ተናገረ።

"ማቆሚያ ቃሌን አርባ ጊዜ ጮኼዋለሁ። ጆሮ ከሌለ ቃል ምን ያቆማል? እኔ ከእንግዲህ ሦስተኛው ወንበር አጠገብ ቆሜ አልሠራም። እናንተ ግን ተቀመጡበት። እዚህ ላይ ሰው ሳይቀመጥ በዚህ ቤት ገመድ እንዳይነካ።"

ቃሉም ሕጉም የተወለደው በዚያች ደቂቃ ነው። ክሊፍተን የሎዌልን ስም አልጠራም። ቢጠራው ኖሮ ሎዌል ይጣላው፣ ይከራከረው፣ ምናልባትም በመጨረሻ ይቅርታ ይጠይቀው ነበር። ዝም ስላለው ግን ሎዌልም ዝም አለ፤ ዝምታው ተመቸው። በሁለተኛው ዓመት ክሊፍተን እናቱን ሊያስታምም ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ቫሌሆ ከተማ ገባ፤ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ያ በሽታ፣ ኤድስ፣ መጣ። ፎልሰምን ቤት ለቤት እየዞረ ወጣቱን ለቀመው። ያን ዕለት ከብበው ከቆሙት አምስቱ አራቱ አለቁ፣ አምስተኛው ወደ አገሩ ገባ። ሎዌል አራቱንም አስታመመ፣ አራቱንም ቀበረ፣ ከልቡ አለቀሰ። አራተኛው የተቀበረ ዕለት ግን ከለቅሶው ሥር ትከሻው ላይ አንድ ነገር ቀለል አለው። ያንን ቅለት ለነፍስ አባትም አይናገረውም። ምስክር አለመኖሩ ነበር የቀለለው።

አዲስ ወጣቶች መጡ። የወንበሩ ቀይ ሽፋን ተሰነጣጥቆ ስለነበር ክለቡ እንዲያድሰው ሎዌልን ለመነው። ሽፋኑን ልጦ መጣል ሲችል አልጣለውም፤ በላዩ ጥቁር ቆዳ ወጠረበት፣ የጸጉር ቤቱ ስም የተቀረጸበትን እግር ማሳረፊያ ሳይቀር አለበሰው። ምስማሩን ጨርሶ ሲመታ አንዱ ልጅ "ይሄ ነገር ከየት የመጣ ነው?" አለው። ሎዌልም "ከሃምቡርግ" አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ሎዌል ግን ከአገሩ ሳይወጣ፣ የሚያውቁት እስኪያልቁ ጠብቆ ነው ያስነጠፈው።

እሑድ በስምንት ሰዓት ኮርቻ ክለብ ግጥም ብሏል። ደጅ ላይ ቋሊማ ይጠበሳል፣ ቢራ ይቀዳል። ሎዌልን ከፊት አስቀመጡት። ሦስተኛው ወንበር መድረኩ ላይ ወጥቷል፤ የአበባ ጉንጉን አጥልቀውለት፣ መቀመጫው ላይ ጥቁር የቆዳ ቆብ አኑረውበታል። ሎዌል አበባውን አይቶ አቀረቀረ።

ለክብሩ የገመድ ትርኢት ተዘጋጅቷል። ቴሮን የሚባለው ወጣት ጓደኛውን ዊንን፣ ልብሱን እንደለበሰ፣ ጎኑን ለተመልካቹ አዙሮ፣ ከእንጨት ምሰሶ ጋር ክንዶቹን ወደኋላ አድርጎ አሰረው። ጥሩ እጅ አለው፤ ቋጠሮው ያምራል። ቋጥሮ እንደጨረሰ ኢሜልዳ ወረቀቷን ይዛ ብቅ አለች። ቴሮን ጀርባውን ለዊን ሰጥቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ በአክብሮት ወደ እሷ ዞረ።

ማንበብ ጀመረች። ሃምቡርግ። የፈረሰኛ መኮንን። ሄር ብሩክማን። ሰው ሁሉ ዓይኑን አንዴ ወደ እሷ አንዴ ወደ ሎዌል ይወረውራል፤ ፈገግ ይሉለታል፣ ከኋላ ትከሻውን ይነካሉ። ሎዌል የክር ፋብሪካውን ስም በማይክራፎን ሲሰማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። የማንንም ፊት ማየት አልቻለም። ስለዚህ እሱን የማያየውን ብቸኛ ሰው፣ የታሰረውን ልጅ አየ።

የዊን ጣቶች ጠቁረዋል። መጀመሪያ ጥላ መሰለው። ከዚያ ልጁ አውራ ጣቱን ለማንቀሳቀስ ሲሞክርና ሲያቅተው አየ። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል፣ ከንፈሩን ነክሷል፤ ግን ዝም ብሏል። ንግግሩ እስኪያልቅ እየጠበቀ ነው።

ሎዌል እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ይነክሰዋል፤ ብቻ መድረኩ ላይ ተገኘ። የቆዳ ቢላዋውን ከኪሱ አውጥቶ ገመዱን ከላይ ወደታች ሰነጠቀው። ኢሜልዳ ማንበቧን አቆመች።

"ጣትህን አንቀሳቅስ" አለ ሎዌል።

"ደህና ነኝ፣ ሰር..."

"አንቀሳቅስ አልኩህ።"

ዊን እጁን ዘርግቶ አንድ በአንድ አንቀሳቀሳቸው። ቀስ እያሉ ታዘዙለት። አውራ ጣቱም ተነሳ። ሎዌል ያኔ ምሰሶውን ያዘ።

"ለምን አልተናገርክም?"

"ስለ እርስዎ እየተነበበ እኮ ነው" አለ ዊን አፍሮ። "ማቋረጥ ነውር መሰለኝ።"

"ወንበሩ ላይ ማን ነበር? ማን ነበር የተቀመጠው?" ሎዌል ወደ ቴሮን ዞረ።

ቴሮን ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ ቆቡ አመለከተ። "የጌታው ቆብ ነው ያለው፣ ሰር። በክብር ቀን ወንበሩ ለጌታው ባዶውን ይቀመጥለታል ብለው ራስዎ ነው የነገሩን። በሃምቡርግ እንደዚያ ነበር ብለው።"

ሎዌል ሊክድ አፉን ከፈተና አስታወሰው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ የልደት እራት ላይ፣ ወጣቶቹ አፋቸውን ከፍተው ሲሰሙት ለታሪኩ ማጣፈጫ ብሎ የጨመራት ነች። ለዚያች ማጣፈጫ ነው የዚህ ልጅ እጅ ሊሄድ የነበረው።

አበባውን አነሳ፣ ቆቡን አነሳ፣ መሬት ላይ አስቀመጣቸው። በዚያው ቢላዋ የወንበሩን ቆዳ ከመሃል ሰነጠቀው። ራሱ የወጠረውን፣ ራሱ በሰም ያሸውን። ከሥሩ የተሰነጣጠቀው ቀይ ሽፋን ብቅ አለ። ተንበርክኮ የእግር ማሳረፊያውንም ገፈፈው፤ ብረቱ ላይ "የማብሪ የወንዶች ጸጉር ቤት" ይላል።

"ሃምቡርግን አላውቃትም" አለ። "ብሩክማን የሚባል ሰው የለም። ይህ የክሊፍተን ማብሪ ወንበር ነው። ሕጉንም ያወጣው፣ ስሙንም ያወጣው እሱ ነው። ያወጣውም በእኔ ምክንያት ነው። አስሬው ሲጋራ ልገዛ ወጣሁ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። እጁ ሞተ። ጥፋቱን በእሱ ላከክሁ። ይኸው ነው።"

ደጅ ላይ የቋሊማው ቅባት እሳቱ ላይ ሲንጨሰጨስ ይሰማል። አንድ ሰው የራሱን መቀመጫ ገፍቶ ወጣ፤ ሌሎች ሁለት ተከተሉት። ሎዌል ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ቴሮን ዊንን አቅፎ ጣቶቹን እያሸ ነው፤ ቀና ብሎም አላየው።

ኢሜልዳ ወረቀቷን ከአራት አጠፈችው። "ሃምቡርግ ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ሦስቱንም መለሱልኝ። እነሱን አላመንኩም። እርስዎን አመንኩ።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"በሕይወት አለ?"

"ቫሌሆ ነው ያለው።"

"መቼ አገኙት?"

"አላገኘሁትም።"

"ቫሌሆ በጀልባ አንድ ሰዓት ነው እኮ።"

"አውቃለሁ" አለ ሎዌል። አድራሻውንም ያውቀዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመሳቢያው ውስጥ አለ።

ኢሜልዳ የታጠፈውን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "እንግዲህ ማተሚያ ቤቱን ሐሙስ ድረስ እለምናለሁ" አለች። "አሁን ያሉትን ዛሬ እጽፈዋለሁ። ወስደው እሱ ፊት ያንብቡት። ልክ ነው ካለ ይታተማል። የእርስዎ አፍ ብቻውን ከእንግዲህ አይበቃኝም።"

ረቡዕ ጠዋት ሎዌል ጀልባ ተሳፈረ። ወረቀቱ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። መንገዱን ሙሉ ክሊፍተን ምን እንደሚለው ሲያሰላ ሄደ፤ ይጮህበታል፣ በሩን ይዘጋበታል፣ ወይ ደግሞ ይቅር ይለዋል። ይቅር በለኝ ብሎ የመመኘቱ ሐሳብ ሲመጣበት በራሱ አፈረ። እዚህም ላይ ለራሱ ሊያተርፍ ነበር የሚሄደው።

ቢጫ ቀለም የተቀባች ትንሽ ቤት ነች። በሩን የከፈተው ረጅም፣ ጸጉሩ ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ ነው። ቀኝ እጁን ሹራብ ኪሱ ውስጥ ከቷል። ሎዌልን ከላይ እስከታች አየው።

"ማነው እንዲህ አድርጎ ጸጉርህን ያበላሸብህ?" አለው።

"እኔው ነኝ፣ በጸጉር መቁረጫ ማሽን።"

"ያስታውቃል። ግባ። ጫማህን ጥረግ።"

ወጥ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። ክሊፍተን ቀይ ባቄላ በሩዝ እየበላ ነበር፤ በግራ እጁ ማንኪያውን አንስቶ ቀጠለ። ለሎዌል ብላ አላለውም። ሃያ ስምንት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ስምሪት ላይ ሠርቶ ጡረታ መውጣቱን፣ እናቱ መሞቷን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረው። ከዚያ "የመጣህበትን አምጣው" አለ።

ሎዌል ወረቀቱን አውጥቶ አነበበ። የክሊፍተን ስም ከላይ ነው። ሕጉ፣ ወንበሩ፣ ጸጉር ቤቱ፣ ማቆሚያ ቃሉ፣ ሁሉም አለ። "...ሎዌል ቲቤትስ ሲጋራ ለመግዛት ወጥቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ..." ብሎ እስከመጨረሻው አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ የማንኪያውም ድምፅ ቆሟል።

"ሃያ ደቂቃ" አለ ክሊፍተን።

ሎዌል ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ምን እንደነበረ ታስታውሳለህ?"

"አላስታውስም።"

"አንተ ምን ታስታውሳለህ፤ አልነበርክማ። የቢራ ማስታወቂያ ያለበት ሰዓት ነበር፤ የሰከንዱ ቆጣሪ ቀይ ነው። ስትወጣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ይላል። ያ ጽዳት ሠራተኛ ሲገባ ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ይላል። ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም። መጀመሪያ አውራ ጣቴ ሄደ፤ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ። ከዚያ ሎሚ ማለቴን ትቼ እናቴን ጠራሁ።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ሎዌል ግን ረስቶ አይደለም። አሳንሶ ነው ያስቀመጠው፤ ሊሸከመው በሚችለው ልክ ቆርጦ፣ ጠርዙን ሰፍቶ። ሰው ሁሉ ፊት ወጥቶ ሲናዘዝ እንኳ ያወጣው ያንኑ የቆረጠውን ነው።

"ሲጋራስ?" አለ ክሊፍተን።

ሎዌል ቀና ማለት አልቻለም። "ማዶ ያለው ቡና ቤት ነበርኩ" አለ በመጨረሻ። "እየጠጣሁ። ስለ አንተ እያወራሁ ነበር። እንዴት አድርጌ እንዳሰርኩህ ለሰዎቹ ጉራ እየነዛሁ።"

"አውቃለሁ። ያ ጽዳት ሠራተኛ አንተን ፍለጋ እዚያ ገብቶ ነበር፤ ያየውን ነገረኝ።" ክሊፍተን ሳህኑን ገፋ አደረገው። "ያን ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ ምን አደርግህ እንደነበር አላውቅም። አሁን ምንም አላደርግህም። ይቅርታ ፈልገህ ከሆነ የመጣኸው እሱ ነገር እዚህ የለም፤ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ግን ይህን ጽሑፍ ልጆች ያነቡታል አይደል?"

"ያነቡታል።"

"ሃያ ደቂቃ ብለህ ከጻፍክላቸው፣ ምስኪን፣ ዕድሉ ነው ይላሉ። ሲጋራ ሊገዛ ለሚወጣ ሰው ማን ይጠነቀቃል? እውነቱን ካነበቡ ግን ጥሩ ገመድ የሚያስር፣ የተከበረ ሰው፣ በወሬ ሌላ ሰው ሊረሳ እንደሚችል ያውቃሉ። ወንበሩን ያመጣሁት ለዕድል አይደለም። ለእንዳንተ ዓይነቱ ነው።"

ተነስቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ በግራ እጁ አወረደና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። ቀኝ እጁ ያኔ ከኪሱ ወጣ፤ አንጓው ላይ እንደዚያው ጎንበስ ብሏል።

ሎዌል ደወለ። ኢሜልዳ ወዲያው አነሳችው።

"ምን አለ?" አለች።

"ልክ አይደለም አለ። እርሳስ ያዢ።" ክሊፍተን ከፊቱ ቆሞ ያየዋል። "ሲጋራ የሚለውን ሰርዢው። ቡና ቤት ተቀምጦ ስላሰረው ሰው ጉራ ሲነዛ ነበር ብለሽ ጻፊ። ቁጥሩም ስህተት ነው። ሃያ አይደለም። ዘጠና ነው።"

በስልኩ ውስጥ እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል። "ዘጠና ደቂቃ ያህል..." አለች እየጻፈች።

ሎዌል ወደ ክሊፍተን አየ። ክሊፍተን ቀኝ እጁን መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"ያህል የሚለውን አውጪው" አለ ሎዌል። "ቆጥሮታል።"